የበረራ ሰዓትና የከተማ መንገድ፦ የቦሌ ተጓዦች የጉዞ ጊዜ አወሳሰን

1. መግቢያ

አዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከመስቀል አደባባይ በስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ይገኛል። ርቀቱ አጭር ቢሆንም የሚወስደው ጊዜ እንደ ሰዓቱና እንደ ዕለቱ እጅግ ይለያያል። ተጓዡ ከአዳማ፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከሐዋሳ የሚመጣ ወይም ወደዚያ የሚያቀና ከሆነ ችግሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ስለማይደርስ፣ መንገደኛው ሁሉ በመኪና ከሌላው የከተማ ነዋሪ ጋር አንዱን መንገድ መጋራቱ ግድ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ መጨናነቅ እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚጠፋ መነሻ በማድረግ፣ ወደ ቦሌ የሚሄድና ከቦሌ ተነሥቶ በመኪና የሚቀጥል ተጓዥ ሰዓቱን በምን ስሌት ሊወስን እንደሚገባ ያሳያል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ፣ የመነሻ ሰዓት ሊወሰን የሚገባው በአማካይ የጉዞ ጊዜ ሳይሆን በጉዞ ጊዜው አስተማማኝነትና በጉዞው አቅጣጫ ነው የሚል ነው።

2. ወረፋው ለምን ከሥራ መግቢያ ሰዓት በኋላም ይቆያል?

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዊልያም ቪክሪ በ1969 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ መንገድን እንደ ማነቆ ወስዶ ተጓዦች ሦስት ዓይነት ወጪ እንደሚያመዛዝኑ አሳይቷል። እነዚህም በወረፋ የሚባክን ጊዜ፣ ቀድሞ የመድረስ ወጪና ዘግይቶ የመድረስ ወጪ ናቸው። ለቢሮ ሠራተኛ አሥር ደቂቃ መዘግየት ተግሣጽ ሊያስከትል ይችላል። ለበረራ ተጓዥ ግን የመመዝገቢያ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ አሥር ደቂቃም ሆነ ሁለት ሰዓት መዘግየት ውጤቱ አንድ ነው፤ አውሮፕላኑ ያመልጠዋል። ስለዚህ የአውሮፕላን ተጓዥ የዘግይቶ መድረስ ወጪ ቀስ በቀስ የሚጨምር ሳይሆን እንደ ገደል በአንዴ የሚወርድ ነው።

የወረፋውን ባሕርይ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ አደባባይ በሰዓት 3,000 ተሽከርካሪ ያሳልፋል እንበል። ከጠዋቱ 1:00 እስከ 2:00 ድረስ 3,600 ተሽከርካሪ ቢመጣ፣ በ2:00 ላይ 600 ተሽከርካሪ ወረፋ ይዞ ይገኛል፤ የመጨረሻው አሽከርካሪም 12 ደቂቃ ይጠብቃል። ከ2:00 በኋላ የሚመጣው በሰዓት ወደ 2,700 ቢቀንስም፣ ወረፋው የሚቃለለው በሰዓት 300 ተሽከርካሪ ብቻ በመሆኑ ፈጽሞ የሚጠፋው 4:00 ላይ ነው። የአንድ ሰዓት ትርፍ ፍላጎት የሦስት ሰዓት ወረፋ ፈጠረ ማለት ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ትምህርት ይገኛል። በዚሁ ምሳሌ መጠበቂያውን ከ12 ደቂቃ ወደ 6 ደቂቃ ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ከ2:00 በግማሽ ሰዓት መቅደም ይበቃዋል፤ ማሳለፍን ከመረጠ ግን እስከ 3:00 አንድ ሙሉ ሰዓት መቆየት ይኖርበታል። ወረፋ በፍጥነት ይሠራል፣ በዝግታ ይፈርሳል። ስለሆነም መጨናነቅን ቀድሞ ማለፍ፣ እስኪያልፍ ከመጠበቅ በአመዛኙ ይረክሳል።

3. አማካይ ጊዜ ለምን ያሳስታል?

ሁለት የመነሻ ሰዓቶች በአማካይ 35 ደቂቃ ይወስዳሉ እንበል። በአንደኛው ጉዞው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይዘልቃል፤ በሁለተኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 30 ደቂቃ ሆኖ አልፎ አልፎ 90 ደቂቃ ይደርሳል። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ልዩነት አያገኝባቸውም። የትራንስፖርት ባለሙያዎች የመንገድን አስተማማኝነት ሲለኩ ከሃያ ጉዞዎች በአሥራ ዘጠኙ በጊዜ የሚያደርሰውን የጉዞ ርዝመት የሚወስዱት ለዚህ ነው። በዚያና በአማካዩ መካከል ያለው ልዩነት መጠባበቂያ ጊዜ ይባላል። መጠባበቂያው ባይነካም የባከነ ጊዜ አይደለም፤ ለመድረስ ዋስትና የተከፈለ ዋጋ ነው።

በአዲስ አበባ መጠባበቂያውን የሚያሰፉ የታወቁ ቀናት አሉ። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር በሚካሄደው የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ወቅት የቦሌ መንገድ ለእንግዶች ማለፊያ በየጊዜው ይዘጋል። መስከረም 16 የደመራ በዓል የሚከበርበት መስቀል አደባባይ የዚሁ መንገድ ራስ ነው። ጥር 10 እና 11 ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ሲመለሱ በርካታ መንገዶች ለተሽከርካሪ ዝግ ይሆናሉ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዝናብ ፍጥነትን ይቀንሳል። እነዚህ ሁሉ አስቀድመው የሚታወቁ በመሆናቸው ድንገተኛ ሊባሉ አይችሉም።

4. የሰዓትና የቀን አቆጣጠር

ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በጎርጎርዮሳዊው ቀን ነው። የቤት ውስጥ ምክክር ግን የሚካሄደው በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ብዙዎች ያውቁታል፤ አደጋው የሚመጣው በቀን መለወጫው ላይ ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00:40 ካለ በኢትዮጵያ አነጋገር ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሰኞ ሌሊት 6:40 ማለት ነው። "በረራዬ ማክሰኞ ሌሊት ነው" ብሎ የተነሣ ሰው የሚደርሰው አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ እርምጃ የትኬቱን ሰዓት፣ ቀንና ዕለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ለሚያደርሰው ሰው ጭምር መስጠት ነው።

5. ወደ ኋላ ማስላት

ዕቅድ የሚሠራው ከበረራው ወደ ኋላ ነው። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት የተለመደ ምክር ነው፤ ተርሚናል በር ላይ ያለው የመጀመሪያ ፍተሻም ጊዜ ይጠይቃል። በረራው ከምሽቱ 5:30 ቢሆን ተጓዡ በሩ ላይ በ2:30 መድረስ አለበት። በመንገድ የሚያሳልፈው ጊዜ እንግዲህ ከ1:00 እስከ 2:30 ባለው ውስጥ ይወድቃል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚወጡት 11:30 ላይ በመሆኑ፣ ይህ ሰዓት ቀላል ቢመስልም ገና ያልተቃለለው ወረፋ ጅራት ነው።

ከአዳማ የሚመጣ ተጓዥ ወደ 85 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የፍጥነት መንገድ ላይ የሚያሳልፈውን ጊዜ በቀላሉ መገመት ይችላል። የማይገመተው ከክፍያ ጣቢያው እስከ ቦሌ ያለው የከተማ ክፍል ነው። ለዚህ ተጓዥ የሚሻለው ከተማውን ከቀኑ 10:00 በፊት ገብቶ በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ መቆየት ነው። አጭሩ መንገድ ትልቁን መጠባበቂያ ይፈልጋል።

6. ከማረፍ በኋላ መቀጠል

ለመጪው ተጓዥ ሊቆጠር የሚገባው አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሰዓት ሳይሆን መኪናው የሚነሣበት ሰዓት ነው። ከማለዳው 12:30 ያረፈ ሰው ለኢሚግሬሽንና ለሻንጣ አንድ ሰዓት ቢመደብለት 1:30 ላይ ይወጣል፤ ይህም ወረፋው የሚገነባበት ጊዜ ነው። ውሳኔውን የሚለየው አቅጣጫ ነው። ወደ ፒያሳ ወይም ወደ መርካቶ የሚሄድ ከሆነ ከዋናው ጉርፍ ጋር ስለሚጓዝ፣ ቸኩሎ ካልሆነ እስከ 4:00 ገደማ ቢያርፍ ይሻለዋል። ወደ አዳማ የሚሄድ ከሆነ ግን ጠዋት ዋናው ፍሰት ወደ መሀል ከተማ ስለሆነ እሱ በተቃራኒው ይወጣል፤ ወዲያው መነሣቱ ይበጀዋል።

ምሽት ላይ ሁኔታው ይገለበጣል። በ11:30 ያረፈ ተጓዥ 12:30 ላይ ሲወጣ ከተማዋን ለቆ ከሚወጣው ሕዝብ ጋር አንድ አቅጣጫ ይይዛል፤ ጊዜውም የመሸበት ነው። ወረፋው እስኪቃለል ቢጠብቅ የሌሊት ጉዞ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ላይ የበረራ ድካም አለ። የሌሊት መንገድ የእግረኛ፣ የእንስሳትና መብራት የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ስጋት ያለበት በመሆኑ፣ መጨናነቅን ለማምለጥ ተብሎ የሚከፈለው ዋጋ ከመጨናነቁ ሊከብድ ይችላል። እዚህ ላይ ትክክለኛው አማራጭ በከተማው አድሮ ጎህ ሲቀድ መነሣት ነው። ሾፌሩ ተጓዡ ራሱ ከሆነ ደግሞ ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሊሆን ይገባል።

7. ማጠቃለያ

የበረራ ጉዞ ዕቅድ አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይመልሳል። ሰዓቱና ቀኑ በትክክል ተተርጉሟል? መኪናው በመንገድ ላይ የሚሆነው ወረፋው በሚገነባበት ወይስ በሚፈርስበት ጊዜ ነው? አቅጣጫው ከፍሰቱ ጋር ነው ወይስ በተቃራኒ? የተመረጠው ሰዓት ተጓዡን ወደ ጨለማና ወደ ድካም አይገፋውም? በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከአዲስ አበባ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚርቅ በመሆኑ እነዚህ ጥያቄዎች ወደፊት ይበልጥ ይከብዳሉ። ያኔ ስድስት ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ የከተማው መውጫዎች አስተማማኝነትም የእያንዳንዱ በረራ አካል ይሆናል።