ምዕራፍ 7፦ «ሲስተም የለም»

በተሁለደሬዋ ሐይቅም ሆነ በአምባሰሏ ውጫሌ፣ የመሥሪያ ቤት መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» የተባለ ባለጉዳይ ወይ መብራት ወይ ኢንተርኔት ጠፍቶ ነው ብሎ ይመለሳል። አንዳንዴ ግን ሁለቱም አሉ፤ ሰርቨሩም አጠገብ ባለው ክፍል እየሠራ ነው። የጠፋው ስሙ ነው።

ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። እኛ የምንጽፈውን ስም ወደ ቁጥር የሚፈታው ዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት ነው። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህን ሥርዓት እስኪነድፍ ድረስ የኔትወርኩ ስሞች በአንድ ፋይል ተጽፈው ለየኮምፒውተሩ ይታደሉ ነበር። የዚያ ፋይል ዘር አልጠፋም፤ ሆስትስ ተብሎ ዛሬም በየኮምፒውተሩ አለ፤ ጣጣም ያመጣል።

ፍተሻው በቁጥር ይጀምር። «ፒንግ» ብለው የሰርቨሩን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10፣ ያስከትሉ። ዝም ካለ ገመዱንና ስዊቹን ይዩ። ከመለሰ ያንኑ በስሙ ይሞክሩ። በቁጥር ተገኝቶ በስም ከታጣ ገመድ መነካካቱን ይተዉት።

ቀጥሎ «ኤንኤስሉክአፕ» ብለው ስሙን ይጠይቁ። ከመልሱ በፊት መላሹን ያንብቡ፤ የትኛው ዲኤንኤስ እንደተጠየቀ ከላይ ተጽፏል። «ስሙ የለም» ካለ አገልግሎቱ ደህና ነው፤ ወይ ስሙ አልተመዘገበም፣ ወይ የተጠየቀው ስሙን የማያውቅ ዲኤንኤስ ነው። «ሰርቭፌይል» ካለ ራሱ ነቅቶ ሳለ መልሱን ማምጣት አቅቶታል። ጭራሽ ካልመለሰ አገልግሎቱ ቆሟል፣ ወይም ፋየርዎል ፖርት 53ን ዘግቷል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ትእዛዝ ሆስትስ ፋይልን አያይም፣ ፒንግ ግን ያያል። ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ካወጡ፣ አንድ ሰው ድሮ የጻፈው አድራሻ እዚያ ፋይል ውስጥ ተረስቶ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎች የሚሮጡበት መድኃኒት 8.8.8.8ን መጨመር ነው። እኔ አልወደውም። የጉግል ዲኤንኤስ ስለ ወረዳው የውስጥ ሰርቨር የሚያውቀው ነገር የለም። «የለም» ብሎ ሲመልስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ያንን የመጨረሻ ቃል አድርጎ ይቀበላል እንጂ በዝርዝሩ ላይ ወዳለው ወደ ሌላው አይሻገርም። በአብዛኛው የሚሻገረው የመጀመሪያው ዝም ሲለው ነው፤ ሊኑክስ ላይ ለዚያም 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ሠራተኛው «ዛሬ ሲስተሙ ተኝቷል» የሚለው ይህንኑ ጥበቃ ሊሆን ይችላል።

የሚሻለው ዲኤንኤሱን ግቢ ውስጥ ማኖር ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ዲኤንኤስማስክ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል። የውስጥ ስሞችን ራሱ ይመልሳል፤ የውጪውን ለኢትዮ ቴሌኮም ያስተላልፋል። ወደ ደሴ የሚወስደው መስመር ቢቆረጥ እንኳ የሐይቅ ሠራተኛ የሐይቁን ሰርቨር በስሙ ያገኘዋል።

የሰርቨሩን ቁጥር ለመቀየር ካሰቡ በዲኤንኤሱ ላይ ያለውን የስሙን መዝገብ ዕድሜ አስቀድመው ያሳጥሩ። 86400 ሰከንድ የተባለ እንደሆነ ኮምፒውተሮቹ አሮጌውን ቁጥር እስከ 1 ቀን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ከቅያሬው ከ1 ቀን በላይ ቀደም ብለው ወደ 300 ያውርዱት፤ ሥራው ሲያልቅ ይመልሱት። አሮጌውን አልለቅ ያለ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ካጋጠመዎ «አይፒኮንፊግ» በሚለው ትእዛዝ ላይ «ፍለሽዲኤንኤስ»ን ጨምረው ያስረሱት።