ዝገት ተከላካይ ኬሚካል በቤት ውሃ ማሞቂያ፦ ዝግና ክፍት ዑደትን የመለየት አስፈላጊነት

መግቢያ

በቀዝቃዛ አገሮች ብዙ ቤቶችን የሚያሞቀው ከቦይለር ተነሥቶ በራዲያተሮች ውስጥ ዞሮ የሚመለስ ያው አንድ ውሃ ነው። ውሃው ስለማይቀየር የተጨመረበት ዝገት ተከላካይ ኬሚካል ለዓመታት ያገለግላል። በአምቦም ሆነ በደጋዋ የጀልዱ ወረዳ ከተማ በጎጆ እንዲህ ያለው የቤት ማሞቂያ የተለመደ አይደለም፤ የቅርብ አቻው በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ የሚሠራው የገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ነው። ይህ ጽሑፍ የኬሚካሉ አጠቃቀም ወደዚህ ማሞቂያ ሊሸጋገር ይችል እንደሆነ በቀላል ስሌት ይመረምራል።

የኦክስጅን ስሌት

ብረት በውሃ ውስጥ ሲዝግ የሚለቃቸውን ኤሌክትሮኖች በአመዛኙ የሚቀበለው በውሃው የሟሟው ኦክስጅን ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር የጠገበ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አምቦ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ መጠኑ ወደ 7 ሚሊ ግራም ይወርዳል። አንድ ሚሊ ግራም ኦክስጅን 2.3 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ወደ ዝገት ይለውጣል። በመሆኑም 100 ሊትር የሚይዝ ዝግ ዑደት አንድ ጊዜ ሲሞላ ቢበዛ 1.6 ግራም ብረት ያጣል። በየቀኑ 100 ሊትር አዲስ ውሃ የሚያልፍበት ክፍት ማሞቂያ ግን በዓመት እስከ 600 ግራም ሊያጣ ይችላል። ኦክስጅኑ በሙሉ ከብረቱ ጋር ስለማይዋሐድ ይህ የላይኛው ወሰን ነው።

ዝግ ዑደት

ዝግ ዑደትም ቢሆን በመጋጠሚያዎችና በተደጋጋሚ ሙሌት ኦክስጅን ስለሚያስገባ፣ የተለያዩ ብረታ ብረቶችም ስለሚገናኙበት ተከላካይ ያስፈልገዋል። ሞሊብዴትና ናይትራይት ለብረት፣ ቤንዞትራያዞል ለመዳብ ይውላሉ። የናይትራይት መጠን ከሚገባው ካነሰ ግን ዝገቱ በጥቂት ነጥቦች ላይ አተኩሮ ብረቱን ይበሳል። ውርጭ በሚያሰጋበት ደጋ፣ ሙቀቱን በተዘዋዋሪ የሚያስተላልፍ የፀሐይ ማሞቂያ ተከላካይ የተቀላቀለበት ፕሮፒሊን ግላይኮል ሊይዝ ይችላል። ግላይኮል ከልክ በላይ ሲግል አሲድ ስለሚፈጥር ፒኤቹ በየጊዜው መለካት አለበት። በመኪና ራዲያተር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ኤቲሊን ግላይኮል መርዛማ ስለሆነ ሊተካው አይገባም።

ክፍት ዑደት

የመታጠቢያው ውሃ ከሰው ገላ ጋር ይገናኛል፤ ሊጠጣም ይችላል። የዝግ ዑደት ተከላካይ ቢጨመርበት ለጤና ከማስጋቱም በላይ ከውሃው ጋር ታጥቦ ይወጣል። እዚህ ጥበቃው ከውሃው ሳይሆን ከዕቃው ይመጣል፦ ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ በርሜልና ስለ ብረቱ የሚበላ የማግኒዥየም ዘንግ። ዘንጉ ካለቀ ጥበቃውም ስለሚያበቃ በየጊዜው ሊፈተሽና ሊለወጥ ይገባል። በዚንክ የተለበጠ ቧንቧም በአንዳንድ ውሃ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ዚንኩ ብረቱን መጠበቁን ሊተው ይችላል።

ማጠቃለያ

ኬሚካሉን ከመግዛት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው «ውሃው ይመለሳል ወይስ ይወጣል?» የሚለው ነው። የሚመለስ ከሆነ ተከላካይ፣ የሚወጣ ከሆነ ዘንግ ይመረጣል። አምቦ በተፈጥሮ ጋዝ ባለው የማዕድን ውሃዋ ብትታወቅም ከዚህ ተነሥቶ የከተማዋን የቧንቧ ውሃ መገመት አይቻልም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤችን ስለሚቀንስ እያንዳንዱ ምንጭ ለብቻው መለካት አለበት። የተመዘኑ የብረት ቁራጮችን በአምቦና በጎጆ የሞቀ ውሃ ውስጥ አቆይቶ የክብደት ልዩነታቸውን መመዝገብ በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ የሚችል ቀጣይ ጥናት ነው።