ጥርሴን በምን ላስሞላ?

ባለፈው ሳምንት ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጉንጫቸውን ደግፈው ገቡ። "ዶክተር፣ ኮንቴነሬ ከሰዓት ይራገፋል፣ ማታ ወደ ጂቡቲ እመለሳለሁ። ይቺ ጥርስ ትነቀልልኝና ልገላገል" አሉኝ።

አፋቸውን ሲከፍቱ ቅርንፉድ ሸተተኝ። ከታች በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋ ተቦርቡሯል። ከአራት ወር በፊት አስሞልተውት ነበር፣ ወደቀ። "ተሞልቶ ከወደቀ ምን ዋጋ አለው?" ብለው ነው መነቀሉን የመረጡት።

"ያኔ ተመለሱ አልተባሉም ጋሼ?"

"በሁለት ሳምንት ብለውኝ ነበር። ሚሌ ላይ ሆኜ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ጠፋብኝ።"

ነገሩ ይኼው ነው። የተሞላላቸው ጊዜያዊ ሙሌት ነበር። ይህ ሙሌት ብዙ ጊዜ ከዚንክ ኦክሳይድና ዩጂኖል ከሚባል ፈሳሽ ይሠራል፤ ዩጂኖል ደግሞ የቅርንፉድ ዘይት ዋናው ንጥረ ነገር ነው። እናቶቻችን ቅርንፉድ ንከስ ሲሉን ያለ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው፣ ሕመም ያስታግሳል። ቀዳዳውን ግን አይደፍንም፤ ዘይቱ እንዳለ ሲደረግም ድድ ያቃጥላል። ጊዜያዊ ሙሌት የሚያገለግለው ለሳምንታት እንጂ ለዓመት አይደለም።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ ጥርስ አልሞላም። ግን ወደ ጥርስ ሐኪም ከመላኬ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ያማል? ምን ያህል ይቆያል? "ውር ይልና ወዲያው ይተዋል" አሉኝ። ሌሊትስ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? "ኧረ የለም።" ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ የጥርሱ ነርቭ ገና ሊተርፍ ይችላል፣ ጥርሱም ሊሞላ ይችላል። ትኩስ ነገር ከጠጡ በኋላ ሕመሙ ደቂቃዎች የሚቆይ ወይም ሌሊት በራሱ የሚነሳ ከሆነ ግን ነርቩ ተጎድቷል። እሱን ሳያክሙ ከላይ መሙላት ዕቃው እየበሰበሰ ኮንቴነሩን እንደ ማሸግ ነው። ያኔ የሚያስፈልገው የሥር ሕክምና (ሩት ካናል) ነው። ከፋርማሲ ራሳችሁ የምትገዙት አሞክሲሲሊንም ለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

ቀጥሎ የጠየቁኝ እናንተም በተደጋጋሚ የምትጠይቁኝን ነው፦ "የትኛው ይሻላል፣ ብረቱ ወይስ ነጩ?"

"ብረቱ" የምንለው አማልጋም ነው። ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ከሜርኩሪ ጋር ተዋህደው ይሠራል፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ጠንካራ ነው፣ ትንሽ ምራቅ ቢነካውም ይታገሳል፣ መንጋጋ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ጉዳቱ፣ ጥርስ ላይ ስለማይጣበቅ እንዲይዝ ተብሎ ጤነኛ ጥርስም መቆረጥ አለበት። ሜርኩሪ አካባቢን ስለሚበክልም ዓለም እየተወው ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በስተቀር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከልክሎታል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ሌላ ቢመረጥ ይሻላል። አፋችሁ ውስጥ ያለው ደህና ከሆነ ግን "መርዝ ነው" የሚል ቪዲዮ አይታችሁ አታስወጡት! ሜርኩሪው ይበልጥ የሚተነው ሲፈለፈል ነው።

ነጩ ኮምፖዚት ሙጫና የመስታወት ብናኝ ነው። እየተደራረበ በሰማያዊ ብርሃን ይደርቃል፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ የሚቆረጠውም ያነሰ ነው። ግን ሲሠራ ቦታው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ምራቅ ወይም ደም ከነካው ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ሐኪሙ ጥጥና መምጠጫ ይዞ ሲንቀራፈፍ አትቸኩሉ።

ሦስተኛው ግላስ አዮኖመር ነው። ጥርስ ላይ በራሱ ይጣበቃል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ያለ መብራትና ያለ መሰርሰሪያ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ መሙላት ይቻላል። ለልጆች እኔ የምወደው እሱን ነው። ትልቅ የማኘክ ጫና ግን አይችልም።

ፍሎራይድን ካነሳሁ ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ዝዋይ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ጠጥታችሁ ያደጋችሁ፣ ጥርሳችሁ ላይ ያለው ቡናማ ቀለም ብዙ ጊዜ ፍሎሮሲስ ነው። ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ ሲበዛ (የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው) በልጅነት ጥርስ ሲሠራ የሚመጣ እንጂ የተበላ ጥርስ አይደለም። ቀለም ስላለው ብቻ አይሞላም። በእርግጥ የተቦረቦረ ካለ ግን ለሐኪሙ ያደጋችሁበትን ንገሩት፤ እንዲህ ያለ ጥርስ ላይ ኮምፖዚት ማጣበቅ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሹፌሩን አዳማ ወዳለ ጥርስ ሐኪም ላክኋቸው። የቀዳዳው አንድ ጎን ወደ ድድ የወረደ ስለነበር ከሥር ግላስ አዮኖመር፣ ከላይ ኮምፖዚት ተደረገላቸው። ከመነሳታቸው በፊት "ይሄኛው ቋሚ ነው ወይስ ጊዜያዊ?" ብለው መጠየቃቸውን ማታ ደውለው ነገሩኝ። ቋሚ ነው ተብለዋል። መንገድ ላይ በየጣቢያው የሚገዟትን ኮካ እንዲቀንሱ ብለምናቸው ግን ሳቁብኝ።

ፊታችሁ ወይም አንገታችሁ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃታችሁ ስለ ሙሌት አታስቡ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።