ስለ እሪታ

ጮኸ የሚለው ቃል ለብዙ ነገር ይነገራል። ሰው ይጮኻል፤ ጅብም በሌሊት ይጮኻል፤ ነፍስ የሌለው ደወል ስንኳ ሲደወል ጮኸ ይባላል። እሪታ ግን የሰው ነው። ይኸውም ቤት ሲቃጠል፥ ሌባ ሲገባ፥ ወይም አውሬ ከብት ሲነጥቅ ሰው ለርዳታ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ኡኡታም እንደዚሁ ነው። እልልታም ከፍ ያለ ድምፅ ነው፤ ዳሩ ግን የደስታ ስለ ሆነ ሰምቶ የሚደነግጥ የለም።

እሪታ የሰማ ጎረቤት ምን ሆነ ብሎ እስኪጠይቅ አይቈይም። እራቱን ትቶ፥ ዱላውን ይዞ ይሮጣል። ስለዚህ እሪ የሚል ሰው የሌላውን እንቅልፍና ድካም ይጠራል፤ ያለ ምክንያትም ሊጠራው አይገባውም።

ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓመተ ምሕረት ጎንደር ገባ። እርሱ እንደ ጻፈው፥ በዚያ ዘመን የተበደሉ ሰዎች በንጉሡ ደጅ ጃን ሆይ እያሉ ይጮኹ ነበር። እውነተኛ ባለ ጉዳይ ባነሰ ጊዜም ለንጉሡ ክብር ሲባል ሳይበደሉ የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ። እነዚህም ሰዎች በክረምት ከብሩስ መስኮት በታች ተሰብስበው፥ እኩሌቶቹ ፍርድ እየለመኑ፥ እኩሌቶቹ እንደሚሞት ሰው እያቃሰቱ ይጮኹ ጀመር። ብሩስም ደንግጦ አንዱን አስጠርቶ ምን ሆናችሁ ቢለው፥ ምንም አልሆንንም፤ አንተን ልናከብር መጣን፤ በርትተን እንድንጮኽ የሚጠጣ ነገር እዘዝልን አለው። በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንድ በእውነት የተበደለ ሰው ቢኖር ማን ይለየው ነበር?

ከዚህም የባሰ አለ። በዳይ ከተበዳዩ ቀድሞ ሲከስ፥ ተበዳዩ ጩኸቴን ቀማኝ ይላል። ላም የሰረቀ ሰው ወደ ዳኛ ቀድሞ ቢሮጥ፥ ባለ ላሚቱ ላሙንም ድምፁንም ያጣል።

ጮኾ የሚሰማው ያጣ ሰውም አለ። በአዲስ አበባ፥ በፒያሳ አጠገብ፥ እሪ በከንቱ የተባለ ሰፈር ይታወቃል። ቀድሞ በዚያ ወንበዴዎች መንገደኛን ይዘርፉ ነበር፤ የተዘረፈውም ቢጮኽ የሚደርስለት አልነበረም ይባላል። በከተማው እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉ ብዙ ሰፈሮች በመኳንንት ስም ይጠራሉ። ይህ ሰፈር ግን ስማቸው ባልታወቀ መንገደኞች ጩኸት ተጠራ።