ትምህርት አሥራ ሁለት፦ ሳይቃጠል በቅጠል

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት ተራኪ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክተናል። አሁን የምናጠናው አከራካሪ ድርሰትን ነው። አከራካሪ ድርሰት ጸሐፊው በአንድ ጉዳይ ላይ የያዘውን አቋም በምክንያትና በማስረጃ አስደግፎ አንባቢውን ለማሳመን የሚጽፈው ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ የተቃራኒው ወገን ሐሳብ የት ላይ እንደ ተነሣና ምን መልስ እንደ ተሰጠው ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ብርዱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ያገኘዋል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራና ብረታ ብረት ይመረትባታል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ፋብሪካ ያለ ኃይል አይሠራም። ታዲያ ኃይሉ ከየት ይምጣ? ይህ ጥያቄ የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም፤ አየሩን የሚተነፍሰውና በቦርከና ወንዝ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ጥያቄም ነው።

የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ እየተከማቸ የምድርን ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ የዝናቡ ወቅትና መጠን ይዛባል። ዝናብ ሲጎድል ምን እንደሚከተል ደግሞ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረኀብ የተፈተነው የወሎ ሕዝብ ሌላ አስተማሪ አያሻውም።

አገራችን ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የድንጋይ ከሰል ያነድዳሉ፤ በአማራ ክልልም በጭልጋና በሙሽ ሸለቆ የከሰል ክምችት መኖሩ ታውቋል። ስለዚህ ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ይህ ጥያቄ ከእኛ በፊት የደረሰባቸው ጎረቤቶች አሉ። በኬንያ ጠረፍ፣ በላሙ፣ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የከሰል ኃይል ጣቢያ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። ደጋፊዎቹ መብራትና ሥራ ይመጣል አሉ። ዓሣ አጥማጆችና ሌሎች ነዋሪዎች ግን «ሴቭ ላሙ» በተባለ ማኅበር ተሰባስበው ጥያቄ አነሡ። ከጣቢያው የሚወጣው ትኩስ ውሃ ባሕሩን ሲያሞቀው ዓሣው ወዴት ይሄዳል? አመዱስ የት ይደፋል? በ1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጥንታዊት ከተማ ምን ትሆናለች? ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላም ተስፋ ሳይቆርጡ ለአገሪቱ የአካባቢ ጉዳዮች ዳኝነት ጉባኤ አቤት አሉ። ጉባኤው ሰኔ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ፈቃዱን ሰረዘው፤ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ በሚገባ አልተመከረም የሚል ነበር። ኩባንያው ይግባኝ ቢልም፣ በማሊንዲ ያለው ፍርድ ቤት በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ውሳኔውን አጸናው።

«የበለጸጉት አገሮች በከሰል አድገው ሲያበቁ እኛ ስለ ምን እንከለከላለን? ሥራ ያጣው ወጣት በንጹሕ አየር ብቻ ይኖራልን?» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አፍሪካ ለአየሩ መበከል ያላት ድርሻ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ የሥራ ማጣትም እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን ጢሱና አመዱ የሚቀሩት ከጣቢያው አጠገብ በሚኖረው ድሃ ላይ ነው። ደግሞም አንድ የከሰል ጣቢያ አንዴ ከተተከለ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይኖራል። ሥራም ከከሰል ብቻ አይገኝም፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተነደፈው የባቡር መሥመር እንኳ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታሰበ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚመለከት ዕቅድ ሲወጣ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዝዛል። የላሙ ሰዎች ያሸነፉት በጩኸት ብዛት አይደለም፤ «እንደ ሕጉ ተጠይቀናልን?» የሚለውን ጥያቄ ማስረጃ ይዘው ጣቢያው ሳይሠራ በማንሣታቸው ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ክምችት — በአንድ ስፍራ ተጠራቅሞ የሚገኝ ነገር
አቤት አለ — በደሉን ለዳኛ አመለከተ
ይግባኝ — የተሰጠው ፍርድ በበላይ ፍርድ ቤት እንደገና እንዲታይ የሚቀርብ ጥያቄ
አጸና — እንዳለ እንዲቀመጥ አደረገ

መ. ሰዋስው፦ «ቢ-» እና «ቢ- … -ም»

«ቢ-» በግሥ ላይ ብቻውን ሲገባ ሁኔታን ያመለክታል።
ምሳሌ፦ ሕዝቡ ቢመከር፣ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር።

በግሡ መጨረሻ ላይ «-ም» ሲጨመርበት ግን ተቃርኖን ያመለክታል፤ ይኸውም የመጀመሪያው ድርጊት ሁለተኛውን እንዳላስቀረው ይገልጻል።
ምሳሌ፦ ኩባንያው ይግባኝ ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸናው።

በአከራካሪ ድርሰት ሁለተኛው ዓይነት በጣም ይጠቅማል። ጸሐፊው የተቃራኒውን ወገን እውነት ሳይክድ የራሱን አቋም ለማስከተል ይችላልና።

ሠ. መልመጃ

1. የላሙ ነዋሪዎች ያነሷቸውን ሦስት ጥያቄዎች በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።
2. ጸሐፊው ከተቃራኒው ወገን ሐሳብ የተቀበለው የትኛውን ነው? ያልተቀበለውስ?
3. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ጋር ያለውን ግንኙነት አስረዱ።
4. የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በ«ቢ- … -ም» አያይዙ።
   (ሀ) ፈቃዱ ተሰጠ። ነዋሪዎቹ ተስፋ አልቆረጡም።
   (ለ) ከተማዋ ሥራ ትፈልጋለች። ጢሱን አትፈልግም።

ረ. የድርሰት ሥራ

በኮምቦልቻ አጠገብ የድንጋይ ከሰል የሚያነድድ ፋብሪካ ሊተከል ታስቧል እንበል። የክፍሉ እኩሌታ ደግፎ፣ እኩሌታው ተቃውሞ፣ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት የሚቀርብ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ይጻፍ። በመጀመሪያው አንቀጽ አቋማችሁን፣ በሁለተኛው ማስረጃችሁን፣ በሦስተኛው የተቃራኒውን ወገን ብርቱ ክርክርና መልሳችሁን አስፍሩ። ከዚያም ድርሰቶቻችሁን ተለዋወጡ፤ የተቃራኒው ወገን ተማሪ ሦስተኛውን አንቀጽ አንብቦ «አዎን፣ እኔ የምለው ይህንኑ ነው» ካላለ፣ አንቀጹን እንደገና ጻፉት።