አሮጌ ሌንስ በዲጂታል ካሜራ ላይ፦ ወሳኙ ርቀት
በሶቭየት ኅብረት የተሠራው ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ ዛሬም ያገለግላል። ወሳኙ ጉዳይ ግን የጥርሱ መግጠም ሳይሆን ርቀቱ ነው። ይህ ሌንስ የሩቁን ነገር አጥርቶ የሚያሳየው መቀመጫው ከካሜራው ሴንሰር 45.46 ሚሊሜትር ሲርቅ ነው። በሶኒ መስታወት አልባ ካሜራዎች ይህ ርቀት 18 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪውን 27.46 ሚሊሜትር ባዶ የብረት ቀለበት ይሞላዋል። በኒኮን ባለመስታወት ካሜራዎች ግን ርቀቱ 46.5 ሚሊሜትር ነው፤ ቀለበቱ ሳይጨመር እንኳ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ርቋል። ስለዚህ በቅርብ ያለ ፊት ይጠራል፤ ከኋላው ያለው ተራራ ግን ይደበዝዛል። ማረሚያ መስታወት ያለው ቀለበት ይሸጣል፤ ርካሹ የምስሉን ጥራት ስለሚቀንስ አልመክረውም።

ሌንሱ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ ስለማይገናኝ፣ አስቀድመው ካሜራው ያለ ሌንስ እንዲያነሣ ይፍቀዱለት። ከዚያም የብርሃን መግቢያውን በእጅዎ አስፍተው ምስሉን ያጥሩ፤ አጥብበው ያንሡ።