ትምህርት፦ ለትንሽ አውሮፕላን የሚበረክት ጎማ እንዴት ይመረጣል?



በገጠር ሜዳ ላይ መድኃኒት የምታራግፍና በሽተኛ የምታነሣ ትንሽ አውሮፕላን የምትቆመው በሦስት ጎማዎች ላይ ነው። ስታርፍ አንዱ ቢፈነዳ፥ ሌላ ጎማ እስኪመጣ ድረስ በሽተኛው ይጠብቃል። ስለዚህ «የትኛው ይረክሳል?» ከማለታችን በፊት «የምናርፍበት መሬት ምን ዓይነት ነው?» ብለን እንጠይቅ።

1. ልክ፦ ሴስና 206ን ለምሳሌ እንውሰድ። የሁለቱ ዋና ጎማዎች የተለመደ ልክ 6.00-6 ነው። ፊተኛው ቁጥር የጎማውን ወርድ፥ ኋለኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። ለለስላሳና ላልተስተካከለ ሜዳ 8.00-6 ይሻላል፤ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ አይሰምጥም። ነገር ግን ክብደት ይጨምራል፥ የበረራውንም ፍጥነት ይቀንሳል። ለአውሮፕላኗ ያልተፈቀደ ልክ ፈጽሞ አይገጠም።

2. ጥንካሬ፦ በጎማው ጎን የተጻፈው የፕላይ ቁጥር የመሸከም ኃይሉን ያሳያል፤ ከታዘዘው ያነሰ አይገዛ። ጠጠር ለሚበዛበት ሜዳ ጥርሱ ጥልቅ፥ ላስቲኩም ወፍራም የሆነው ይመረጣል። አዲስ ጎማ ሲገባ ከመነዳሪውም አዲስ ይሁን። አሮጌው ተለጥጦ ስለሚቀር በውስጥ ይታጠፋል፤ በታጠፈበትም ይቀደዳል።

3. ከፍታ፦ በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር ቢያሳይም፥ አውሮፕላኗ መሬት የምትነካው በባሕር ጠረፍ ከምትነካው ይልቅ 10 በመቶ ያህል ፈጥና ነው። ፍሬኑና ጎማው የሚችሉት ኃይልም 20 በመቶ ያህል ይበልጣል። እንግዲህ በደጋው አገራችን ደካማ ጎማ ቶሎ ያልቃል።

4. አያያዝ፦ ነፋስ የጎደለው ጎማ ይግላል፤ በቸርኬው ላይ ተንሸራትቶም የከመነዳሪውን ቫልቭ ይቆርጣል። ስለዚህ ከበረራ በፊት፥ ጎማው ሳይሞቅ ነፋሱ ይለካ። አዲስ ጎማ ከተነፋ በኋላ ስለሚለጠጥ በማግሥቱ እንደገና ይለካ። መለዋወጫው ከፀሐይ፥ ከዘይትና ከብየዳ ሥፍራ ርቆ ይቀመጥ።

የመጨረሻው ነገር የምእመናን ድርሻ ነው። ስለታም ድንጋይ ከሁሉ የበረታውንም ጎማ ይቆርጣል። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ማለዳ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየተራመዱ ድንጋይ የሚለቅሙ ሰዎች ለጎማው ዕድሜ ይጨምራሉ፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ለመወያያ፦
ሀ. የእኛ ሜዳ ሣር ነው፥ ጠጠር ወይስ ጭቃ? በክረምትስ?
ለ. ድንጋዩን የሚለቅመው ማን ነው? ተራስ ወጥቶለታል?